ቆስጣዬ ቢጫ ሆነ፣ እኔም ጨው መተው አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምኖር የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ነሐሴ ላይ ግፊት አለብሽ ተባልኩና መድኃኒት ጀመርኩ። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ፣ አትክልት አብዢ አለኝ። የምንኖረው በኪራይ ነው። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ሁለት የዘይት ጀሪካን አፋቸውን ቆርጬ፣ ከመንገድ ዳር ጥቁር አፈር አምጥቼ ሞላሁ። ባንዱ ቆስጣ፣ በሌላው ቲማቲም ተከልኩ። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። ቆስጣው ግን ቢጫ ሆነ። ቲማቲሙም ሰሞኑን አንድ ሌሊት አድሮ ጠቁሮ አገኘሁት።

ምግቡም አልሆነልኝም። ሽሮ ስሠራ ጨው አልጨምርም፣ ግፊቴ ግን አልወረደም። ቡና ያለ ጨው ደግሞ አይጥመኝም፤ እናቴም አያቴም የሚጠጡት በጨው ነበር። ልጆቼ «እማ፣ ተይው በቃ፣ ከገበያ እንገዛለን» ይሉኛል። ልተወው?

ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ እባክሽ አትተዪው።

ስለ ቀዳዳ ምንም አላነሳሽም። ጀሪካኑ ከሥሩ ካልተበሳ ውሃው መሄጃ የለውም። ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ሚስማር አግለሽ ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ብሺው፤ ከዚያ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጪው። የመንገድ ዳር አፈሩን ድፊው። የመኪና ጭስና ዘይት የጠጣ አፈር ለምትበዪው ነገር አይሆንም። ከእርሻ የመጣ አፈር፣ ትንሽ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪ። ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። ጠዋት ማታ ማጠጣቱም ይቅር። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ ተይው።

ቲማቲምሽን የመታው ውርጭ ይመስለኛል። ኮምቦልቻ ወረድ ስትዪ ሌላ አገር ነው፤ ደሴ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ለቲማቲምም ለቃሪያም አይመችም። ብርዱ እስኪያልፍ ጠብቂ። እስከዚያ ቆስጣ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ትከዪ፤ እነሱ ብርድ ይችላሉ። ቆስጣና ጎመኑን አትንቀዪ። የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ እየቆረጥሽ ብዪ፣ ከመሃል ያወጣል።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፤ የዳቦውም የወጡም ተደምሮ ነው። አንቺ ድስቱ ላይ አልጨመርሽም። ግን ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት የለም? በርበሬውስ? ሳታውቂው ከወፍጮ ቤት ይዘሽው የመጣሽው ጨው ነው። በሚቀጥለው ስታስፈጪ ጨው ሳይገባ ያንቺን ለይተሽ አስቀሪ። የጎደለውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይሞሉልሻል።

ቡናውን ተዪ አልልሽም። የእናትሽን ወግ እንዴት ተዪ እላለሁ? ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልሽ ሦስቴ ቁንጥር ስታደርጊ ቀኑን ሙሉ ስንት እንደሚሆን አስቢው። በጨው ፋንታ ጤና አዳም ጣል አድርጊበት። በመጀመሪያው ሳምንት ጎደለኝ ትያለሽ፤ ምላስ ግን ይለምዳል። እርጉዝ ሴት አብራችሁ ከጠጣች የእሷ ሲኒ ውስጥ ጤና አዳም አይግባ፤ ለጽንስ አደገኛ ነው።

መድኃኒትሽን በራስሽ እንዳታቆሚ። አደራ! ግፊቱ አለመውረዱንም ለሐኪምሽ ንገሪው። ኩላሊትሽ ላይ ችግር አለ ተብለሽ ከሆነ ደግሞ ቆስጣ ከማብዛትሽ በፊት ጠይቂው።

ጤና አዳሙን ከዘር አትጀምሪ፣ ይዘገይብሻል። ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምነሽ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ጥላ ሥር አቆዪው። ቡና ስትጠሪያት ይዛልሽ ትመጣለች።