ቃለ ጉባኤው ላይ ያልጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ወጣት ጠበቃ «ጋሼ፣ ብዙኃኑ ድምፅ ከሰጠ አለቀ፤ አናሳው ለምን ይነጫነጫል?» አለኝ። 30 ዓመት በሕግ ሥራ የቆየ ሰው መልስ አያጣም፤ መለስኩለት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእድራችን ጎላ ትዝ አለኝ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ስኖር የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። አባላቱ በብዛት ክርስቲያኖች ነን፤ አምስት ሙስሊም አባወራዎችም ነበሩ። አንድ እሁድ ከአምስቱ አንዱ ተነሣ። የመዋጮ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «እኩል እንከፍላለን። ሐዘን ሲደርስብን ግን ሥጋ በተሠራበት ድስት ማብሰል ይቸግረናል። ሁለት ጎላ ለብቻ ይገዛልን» አለ።

ጉርምርምታ ሆነ። «ነገ ደግሞ ድንኳን ለብቻ ይላሉ» ያለም አልጠፋ። እኔ «በድምፅ እንለየው» አልኩ። ሥርዓት ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር። እጅ ወጣ፤ 58 ለ5። ቁጥሩን አሳምሬ ጻፍኩ። ሰውየው «ይሁን» ብሎ ተቀመጠ።

በዓመቱ እናቱ አረፉ። ድንኳን ተከልን፣ ወንበር ደረደርን። ጓሮ ስገባ ሁለት ትልልቅ ጎላዎች ተጥደዋል። ጎናቸው ላይ በቀይ ቀለም የሌላ ሰፈር እድር ስም ተጽፏል። ተውሶ ነው ያመጣው። የእኛ ዕቃ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰውየው አየኝና «አረፍ በል፣ ሻይ ይምጣልህ» አለኝ። ያ ሻይ አልወርድ አለኝ።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንብቡት። አንቀጽ 54 ከ550 ከማይበልጡ የፓርላማ መቀመጫዎች ቢያንስ 20ውን አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ያስቀምጣል። አንቀጽ 105 ደግሞ በምዕራፍ ሦስት ያሉት መብቶች እንዲለወጡ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ መስማማት አለባቸው ይላል፤ በዚያ ላይ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ። እጅ ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ አርቃቂዎቹ ገብቷቸዋል። እኔ ይህን ለሌላው አስረዳ ነበር፤ እድሬ ውስጥ ግን ረሳሁት።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ ፖል ከፍታችሁ ትጨርሳላችሁ። ፍጥነታችሁ ደስ ይለኛል። የተሸነፈውን «ለምን ተቃወምክ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላይም። በብዙኃን ድምፅ አምናለሁ፤ ጥቂቶች ሁሉን የሚያግዱበት አገርም አይሆንም። መዋጮው ስንት ይሁን ሲባል እጅ ይውጣ። ሰው ሟቹን እንዴት ይሸኝ የሚለው ግን መጀመሪያውኑ ለድምፅ መቅረብ አልነበረበትም። ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

የቃለ ጉባኤው ቅጂ አሁንም ቤቴ አለ። 58 ለ5 ይላል። አምስቱ ለምን እንደጠየቁ አንድ መስመር የለበትም። ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ፤ ጎረቤቱም ተበተነ። የሰውየውን ስልክ ትናንት አፈላልጌ አገኘሁ። ገና አልደወልኩም።