ስለ ማንጋ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩላችሁ

ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ሥዕላዊ የታሪክ መጽሐፍ፣ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጠሩ። የወደድኩት አለ፣ ግማሽ ላይ የተውኩት አለ፣ ሁለት ሦስቴ የደገምኩትም አለ። "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ መልሻለሁ። የምናገረው የራሴን ስሜት ነው። የማይስማማ ካለ በደስታ እከራከራለሁ። የታሪክ መጨረሻ የሚያበላሽ ነገር ስናገር አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ማንጋ አንብቤ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከፉልሜታል አልኬሚስት ጀምር። የሠራችው ሂሮሙ አራካዋ ናት። በ2001 ተጀምሮ በ2010 አለቀ፤ 27 ቅጽ ነው። ማለቁ ራሱ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመታት ቁጭ ብለህ አትጠብቅም።

ሁለት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን ሊመልሱ ይሞክራሉ። አይሳካም። ታላቁ እጅና እግሩን ያጣል፣ ታናሹ ሙሉ አካሉን። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ ያንን ዕዳ መክፈል ነው። አራካዋ ያደገችው ጃፓን፣ ሆካይዶ ውስጥ፣ የወተት ላም በሚያረባ ቤተሰብ ነው። ይህ በሥራዋ ውስጥ ወለል ብሎ ይታየኛል። "አንድ ነገር ለማግኘት እኩያውን መስጠት አለብህ" የሚለው የታሪኩ ሕግ ከሷ እጅ ሲወጣ ስብከት አይሸትም። ጠዋት ተነስቶ ላም ያለበ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። መጀመሪያ ዓይንህ ይደናገራል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ጭራሽ ትረሳዋለህ።

ጥያቄ፦ አኒሜውን (የጃፓኑን የካርቱን ፊልም) ካየሁ ማንጋውን ለምን አነባለሁ? ታሪኩ ያው አይደል?

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይሄንን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንዳንዴ ታሪኩም ያው አይደለም። የ2003ቱ የፉልሜታል አልኬሚስት አኒሜ ሲሠራ ማንጋው ገና አላለቀም ነበር፤ ስለዚህ የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። ማንጋውን ተከትሎ የሄደው የ2009ኙ ነው።

ለኔ ግን ዋናው ልዩነት ጊዜ ነው። አኒሜ ላይ ጊዜውን የሚይዘው ፊልሙ ነው፤ ማንጋ ላይ አንተ ነህ። በማንጋ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሥዕል በመስመር ታጥሮ ይቀመጣል፤ እኔ ሣጥን እለዋለሁ። ጎበዝ ሠዓሊ በሣጥኑ መጠን ብቻ ያስሮጥሃል፣ ያቆምሃል፣ ትንፋሽህን ያስይዝሃል። አንድን ማንጋ ጥሩ ነው አይደለም ለማለት መጀመሪያ የማየው ቃል የሌለባቸውን ገጾች ነው። ንግግሩ ሲወጣ ሥዕሉ ብቻውን ይቆማል ወይስ ይወድቃል?

ምሳሌ ልስጥህ። የስላም ዳንክን መጨረሻ ማወቅ ካልፈለግክ ይሄንን አንቀጽ እለፈው። ታኬሂኮ ኢኖዌ ይሄን የቅርጫት ኳስ ታሪክ ከ1990 እስከ 1996 በ31 ቅጽ ሠራ። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች፣ ጽሑፍ የለም ማለት ይቻላል። ሺህ ሰው የሚጮህበት አዳራሽ ነው፤ ገጹ ግን ጭጭ ብሏል። ላብ፣ ጣት፣ ጫማ፣ ኳስ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ዓይንና ናጫ የነበሩት ሳኩራጊና ሩካዋ ሁለት ሙሉ ገጽ በያዘ ሥዕል በደስታ መዳፍ ለመዳፍ ያጋጫሉ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ። እዚያ ገጽ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። የቴሌቪዥኑ አኒሜ እዚያ ጨዋታ ሳይደርስ ነበር ያለቀው። ኢኖዌ ራሱ በ2022 ፊልም አድርጎ ሠራው። ፊልሙም ግሩም ነው። ያችን ዝምታ ግን በራሴ ፍጥነት የገለጥኳት ወረቀት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዋን ፒስ በጣም ረጅም ነው። ጊዜዬን ልስጠው?

ኤይቺሮ ኦዳ በሐምሌ 1997 ጀመረው፤ ከ100 ቅጽ አልፏል። ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ርዝመቱ ቢያስፈራህ አልፈርድብህም።

እስከ 11ኛው ቅጽ አንብብ፤ ከዚያ ወስን። ናሚ የምትባል ልጅ ክንዷ ላይ ያለውን ንቅሳት በቢላ እየወጋች፣ እያለቀሰች "እርዳኝ" የምትልበት ቦታ አለ። ዋናው ገጸ ባሕሪ ሉፊ ብዙ አያወራም። ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን ባርኔጣውን ጭንቅላቷ ላይ ያደርግላትና ይሄዳል። ይሄ ውስጥህን ካልነካው የቀሩት ቅጾችም አይነኩህም፤ በሰላም ተወው። እኔን ነክቶኛል። በኋላ ገጾቹ በሰውና በንግግር ሲጨናነቁ ግን እደክማለሁ፤ አርፌ ነው የምመለስበት።

ጥያቄ፦ ናሩቶ ወይስ ብሊች?

ለታሪክ ናሩቶ፣ ለዓይን ብሊች። የናሩቶ የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ያለው ብቸኝነት እውነተኛ ነው፤ ወደ መጨረሻ ያለው ጦርነት ግን ተንዛዛ። የብሊች ሠዓሊ ቲቴ ኩቦ ባዶ ነጭ ቦታን እንደሚጠቀምበት የሚጠቀም ጥቂት ሰው ነው ያየሁት። የብሊች ታሪክ ግን ሥዕሉን ያህል አልሄደልኝም።

ጥያቄ፦ የበርሰርክ ደራሲ ካረፈ በኋላ ሌሎች እየቀጠሉት ነው። ትክክል ነው ትያለሽ?

ኬንታሮ ሚዩራ በርሰርክን በ1989 ጀመረ፤ በግንቦት 2021 በ54 ዓመቱ ሳይጨርሰው አረፈ። በ2022 የልብ ጓደኛው ኮጂ ሞሪ ከሚዩራ ረዳቶች ጋር ሆኖ ቀጠለው። ሞሪ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ድረስ ከጓደኛው አፍ ሰምቶት ነበር፤ የሰማውን ብቻ እንደሚያስተላልፍ፣ ከራሱ እንደማይጨምር ቃል ገባ።

እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ሥዕሉ ያው አይደለም፤ የሚዩራን እጅ ማን ሊያመጣው ይችላል? ግን ጓደኛ የነገረህን አደራ ይዞ መቅረት ይከብዳል። አዲሶቹን ምዕራፎች የማነባቸው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለ ሟቹ ሲወራ እንደምሰማ ሆኜ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በርሰርክ ውስጥ እጅግ ከባድ ጭካኔና የመድፈር ትዕይንት አለ። ለሁሉም ሰው አይደለም። ግማሽ ላይ መተው ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የማነበውን ሾጆ (ለሴት ልጆች የሚወጣ ማንጋ) እያየ "የፍቅር ወሬ" ይለዋል። ምን ልበለው?

ፍሩትስ ባስኬትን ስጪው። ናትሱኪ ታካያ ናት የሠራችው፤ 23 ቅጽ ነው። ሲጀምር ቀልድ ይመስላል፤ ተቃራኒ ጾታ ሲያቅፋቸው ወደ እንስሳ የሚለወጡ ቤተሰቦች ናቸው። እየገፋሽ ስትሄጂ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ወላጅ ልጁን እንዴት እንደሚሰብረው፣ የተሰበረውም ልጅ እንዴት አድጎ ሌላውን እንደሚሰብር። ከብዙ የጦርነት ማንጋ በላይ የከበደኝ እሱ ነው።

ከዚያ ናናን ጨምሪለት። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት የ20 ዓመት ልጆች ወደ ቶኪዮ በሚሄድ ባቡር ላይ ይገናኛሉ። ፍቅር አለበት፤ ዋናው ግን የሁለቱ ጓደኝነት ነው። ደራሲዋ አይ ያዛዋ በ2009 ታማ ካቆመችው ወዲህ አልቀጠለም። ይሄን ንገሪው፤ ልቡን ሰጥቶ በኋላ እንዳይናደድብሽ።

ጥያቄ፦ ዴዝ ኖት ምርጡ ማንጋ ነው። ትስማሚያለሽ?

እስከ 7ኛው ቅጽ ከሆነ ልስማማ እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት 5 ቅጾች የሁለት ሰዎችን ፍጥጫ በሌሎች ሰዎች ለመተካት ይሞክራሉ፤ አልሞላም።

"ብልህ ከብልህ ጋር" የሚባለውን ከወደድክ የናኦኪ ኡራሳዋን ሞንስተርን አንብብ፤ 18 ቅጽ ነው። ጀርመን አገር የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም አለ። ሁለት በሽተኛ ይመጣበታል፤ አንድ ሕፃንና የከተማው ከንቲባ። አለቆቹ "ከንቲባውን" ይሉታል። እሱ ቀድሞ የመጣውን ሕፃን ያድናል። ዓመታት አልፈው ያ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይመጣል። ሐኪሙ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ይሄ ጥያቄ 18ቱንም ቅጽ ይይዝሃል።

ጥያቄ፦ የሚያስፈራ እፈልጋለሁ። የምር የሚያስፈራ።

ጁንጂ ኢቶ፣ ኡዙማኪ። አንድ ከተማ በጠመዝማዛ ቅርጽ ይለከፋል፤ በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። ኢቶ ሠዓሊ ከመሆኑ በፊት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ቴክኒሺያን ነበር። ያ የእጅ ጥንቃቄ መስመሩ ላይ ይታያል።

አሠራሩን ልብ በል። የሚያስፈራውን ሥዕል ብዙውን ጊዜ ገጽ ስትገልጥ ነው የሚያስቀምጠው። የገጹ የመጨረሻ ሣጥን ላይ አንድ ሰው ወደሆነ ነገር ዞሮ ደንግጧል። ምን እንዳየ አታውቅም። ለማወቅ አንተ ራስህ፣ በገዛ እጅህ መግለጥ አለብህ። ማታ ማታ እጄ ገጹ ጫፍ ላይ ቆሞ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማንጋ ይዞ አየሁት። የልጆች ነው ብዬ ልተወው?

እናቴ፣ እባክዎ መጀመሪያ እርስዎ ይዩት። ሾኔን ማለት "ለወንድ ልጆች"፣ ሴይነን ማለት "ለአዋቂ ወንዶች" እንደ ማለት ነው። ስሙ የሚመጣው ታሪኩ ከወጣበት መጽሔት ነው፤ ይዘቱ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን አይነግርዎትም። ሾኔን ሆኖ ደም የሞላበት አለ።

እንዲያውም ቤርፉት ጌን በ1973 ሲጀምር የወጣው በወንድ ልጆች መጽሔት ላይ ነው። ኬይጂ ናካዛዋ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱን፣ እህቱንና ወንድሙን አጥቷል። የሣለው ያየውን ነው። ታላቅ ሥራ ነው። ለ10 ዓመት ልጅ ብቻውን ግን አልሰጠውም፤ ትንሽ አድጎ፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ቢያነበው ይሻላል።

ለአሁኑ ዮትሱባን ይስጡት። የ5 ዓመት ልጅ ናት። ዥዋዥዌ፣ ዝናብ፣ ጎረቤት፣ በቃ ሁሉም ነገር ይገርማታል። ከልጅዎ ጋር አብረው ይስቁበታል።

ጥያቄ፦ ቪንላንድ ሳጋ ሲጀምር እሳት ነበር። ከዚያ እርሻ ሆነ፣ ሰለቸኝ። ልቀጥል?

ቀጥል! እባክህ ቀጥል።

ማኮቶ ዩኪሙራ በ2005 ጀምሮት በ2025 ጨረሰው። የመጀመሪያዎቹ 8 ቅጾች የበቀል ናቸው። ቶርፊን የአባቱን ገዳይ እየተከተለ ያድጋል፤ ሰይፍ፣ መርከብ፣ ጦርነት። ከዚያ ባሪያ ሆኖ ዴንማርክ ውስጥ እርሻ ላይ ይሸጣል። አንተ የሰለቸህ እዚህ ነው። እኔ ደግሞ የያዘኝ እዚሁ ነው።

ለእሱና ለጓደኛው ለአይናር ጫካ ይሰጣቸዋል። ዛፉን ቆርጠው፣ ጉቶውን ነቅለው፣ ስንዴ ዘርተው ነጻነታቸውን እንዲገዙ። ዩኪሙራ አይቸኩልም። ጉቶ አለ፤ ሥሩ አልወጣ ይላል። ይቆፍራሉ፣ ይገፋሉ፣ ያልባቸዋል። ፈረስ ያስፈልጋቸዋል፣ ፈረስ ለማግኘት ደግሞ ሌላ ሥራ መሥራት አለባቸው። ሰው መግደል በአንድ ሣጥን ያልቅ ነበር፤ አንድ ጉቶ ገጽ በገጽ ይፈጃል። ስንዴው ሲበቅል የቶርፊንን ፊት እየው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አብቅሏል።

ለዚህ ነው ቅድም ስለ ጊዜ ያወራሁት። ደራሲው ሆን ብሎ ነው ያዘገየህ።

ጥያቄ፦ አታክ ኦን ታይታን መጨረሻው አላናደደሽም?

አናዶኛል። 34 ቅጽ ሙሉ ጥያቄውን እያከበደ መጥቶ መልሱ ላይ ተጣደፈ። ሃሳቡ ሳይሆን ጥድፊያው ነው ያናደደኝ። ሃጂሜ ኢሳያማ የመጨረሻው ቅጽ ላይ ጥቂት ገጾች ጨምሯል፤ ለኔ እነሱ ከመጨረሻው ምዕራፍ የተሻሉ ናቸው። አሁንም ግን ለሰው አንብቡት እላለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ምረጪ ብትባይስ?

ዛሬ ከሆነ፣ ኤ ሳይለንት ቮይስ። ዮሺቶኪ ኦይማ፣ 7 ቅጽ፣ 2013 እና 2014። መስማት የተሳናትን የክፍል ጓደኛውን ሲያሠቃይ የነበረ ልጅ አድጎ ይቅርታ ሊጠይቃት ይመጣል፤ የምልክት ቋንቋ ተምሮ።

ይሄ ልጅ የሰው ፊት ማየት አይችልም። በዙሪያው ያሉ ሰዎች ሁሉ ፊታቸው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተሥሏል። ማንም ምን እንደሆነ አያስረዳህም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ያዋራዋል፣ ጓደኛው ይሆናል፤ ያቺ ምልክት ከፊቱ ላይ ተላቃ እንደ ወረቀት ትወድቃለች። ትንሽ ሥዕል ናት። እኔ ያኔ ሰው የማላናግርበት ጊዜ ላይ ነበርኩ። መጽሐፉን ዘጋሁና ለረጅም ጊዜ ያልደወልኩላት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። አነሳችው።