አንበሳው ፊቱ ጠፍቷል፤ ብሬ ያረጀ ነው?

ጥያቄ፦ አያቴ የተዉልኝ የምኒልክ ብር አለኝ፤ 1889 ዓ.ም. ይላል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። የአንበሳው ፊት ግን ድፍን ነው። አንድ ገዢ «አልቋል» (ከእጅ እጅ ሲዞር ተፍቋል) ብሎ ዋጋውን አወረደብኝ። እውነት ነው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቶሎ አትሽጥ። ይህ ብር ፓሪስ ውስጥ በማሽን የተመታ ነው። ምቱ ሲላላ ብረቱ የማተሚያውን ቅርጽ ጥልቅ ቦታ አይሞላም። ስለዚህ አንድም እጅ ሳይነካው ፊት አልባ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

እኔ እዚህ ለገጣፎ በረንዳዬ ላይ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነው የማየው። ብሩን በጠርዙ ይዘህ ቀስ አድርገህ አዘንብለው። ድፍኑ ቦታ ላይ ብልጭታው ሳይቋረጥ ካለፈ ምቱ ነው የላላው። እዚያ ጋ ሲደርስ ደብዝዞ ግራጫና ልሙጥ ከሆነ ግን ያው፣ አልቋል። ከዚያ ገልብጠው። ከድፍኑ ቦታ ትክክል በስተጀርባ ያለውም ከደበዘዘ ምቱን ጠርጥር፤ ሁለቱም ጎን ለአንድ ብረት ይሻማሉና። የንጉሡን ዘውድ ጫፍና የጽሑፉን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር እይ። መፋቅ የሚጀምረው ከፍ ካለው ቦታ ነው።

ምቱ ላልቶ ቢሆንም ገዢ ዋጋ መቀነሱ አይቀርም፣ አልዋሽህም። «አልቋል» ከሚባለው ጋር ግን አንድ አይደለም።

በአመድና በሎሚ እንዳታሸው፣ አደራ! እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጠገራ ብር እንዲህ አብርቼ ብልጭታውን ገደልኩት።