ከካምኮርደር ቅጂ ክሊፖችን ነጥሎ ማውጣት፦ ፋይሉ ለምን ያብጣል?

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ በካምኮርደር የተቀረጸ ረጅም ቪዲዮ አለዎት፤ ከውስጡ የሚፈልጓቸውን ክፍሎች በኤዲቲንግ ፕሮግራም እየቆረጡ ለየብቻ ሲያስቀምጡ ግን የጥቂት ደቂቃ ክሊፖች ተደምረው ከዋናው ፋይል በላይ ቦታ ያዙብዎት። ጥራታቸውም ከዋናው አልተሻለም። የድሮ ቅጂዎችን ለረጅም ጊዜ ስለይና ስቆርጥ የኖርኩ በመሆኔ፣ ችግሩ ያለው በመቁረጡ ላይ ሳይሆን ከመቁረጡ በኋላ ክሊፑን እንደ አዲስ ፋይል በሚያወጣው «ኤክስፖርት» በሚለው እርምጃ ላይ ነው ብዬ በእርግጠኝነት ልመልስልዎ እችላለሁ።

የአንድ ቪዲዮ ፋይል መጠን የሚወሰነው በቢትሬቱ (ለእያንዳንዱ ሰከንድ በሚመዘገበው የዳታ መጠን) እና በርዝመቱ ነው፤ የምስሉ ጥራት ወይም የፍሬሙ (ቪዲዮውን የሚሠራው የእያንዳንዱ ነጠላ ምስል) ስፋት በቀጥታ አይወስነውም። ካሜራዎ በሰከንድ 17 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 128 ሜጋባይት ይሆናል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ግን ክሊፑን ኤክስፖርት ሲያደርግ የካሜራውን ቢትሬት አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ምስሉን ሙሉ በሙሉ ይፈታና በራሱ የተዘጋጀ ምርጫ መሠረት እንደገና ይጨምቀዋል። ያ ምርጫ 50 ሜጋቢት ከሆነ ያው አንድ ደቂቃ 375 ሜጋባይት ይይዛል። ለኤዲቲንግ የተዘጋጁ ፎርማቶች ከዚህም ይብሳሉ፤ ለምሳሌ ፕሮሬስ 422 በ1920 በ1080 ስፋት፣ በሰከንድ በ25 ፍሬም ወደ 122 ሜጋቢት ስለሚጠቀም ደቂቃው ከ900 ሜጋባይት ያልፋል። የተጨመረው ቢት ካሜራው ያልመዘገበውን ዝርዝር ሊፈጥር ስለማይችል ትርፉ ባዶ ክብደት ብቻ ነው። እንዲያውም እንደገና መጨመቅ በራሱ ከጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል።

ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ምስሉንና ድምፁን ሳይፈታ፣ የተመዘገበውን ዳታ እንዳለ ከአንድ ነጥብ እስከ ሌላ ነጥብ የሚቀዳ ፕሮግራም ነው። ነፃ ከሆኑት መካከል ሎስለስከት፣ አቪዴመክስና ኤፍኤፍኤምፔግ ይህን ይሠራሉ። ሎስለስከት ለጀማሪ ከሁሉም የቀለለ ይመስለኛል፤ መነሻና መድረሻ እያመለከቱ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ማውጣት ያስችላል። በአቪዴመክስ የሚሠሩ ከሆነ ለቪዲዮውም ለድምፁም «ኮፒ» የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ሌላ ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ) ከመረጡ ያ ክፍል እንደገና ይጨመቃል። በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው በኤፍኤፍኤምፔግም እንዲሁ ትእዛዙ ኮዴኩን «ኮፒ» እንዲያደርግ መባሉ ግዴታ ነው። እንዲህ ሲሠራ ሥራው ፋይል ከመገልበጥ የማይለይ በመሆኑ ብዙ ጊጋባይት ያለው ቪዲዮ እንኳ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ፕሮግራሙ ለአምስት ደቂቃ ክሊፕ ረጅም ጊዜ ከወሰደ እንደገና እየጨመቀ ስለሆነ አቁመው ምርጫዎቹን ይመልከቱ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የመቁረጫውን ነጥብ ሲመርጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒና ፓናሶኒክ ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለው የካምኮርደር ፎርማትም ሆነ ከእሱ በፊት የነበረው ኤችዲቪ ሁሉንም ፍሬም ሙሉ አድርገው አይመዘግቡም። በየተወሰነ ርቀት አንድ ሙሉ ምስል ይቀመጣል፤ እሱም ቁልፍ ፍሬም ይባላል፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች የሚይዙት ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ልዩነት ብቻ ነው። ሳይጨመቅ የሚቆረጥ ክሊፕ በመካከለኛ ፍሬም ላይ ቢጀምር የሚመሠረትበት ሙሉ ምስል ስለሌለው መጀመሪያው ላይ ይበላሻል፣ ይቆማል ወይም ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ይሄዳል። መፍትሔው የመነሻውን ነጥብ ቁልፍ ፍሬም ላይ ማሳረፍ ነው። በአቪዴመክስ የላይና የታች ቀስት ቁልፎች ከአንዱ ቁልፍ ፍሬም ወደ ሌላው ያዘልላሉ፤ በኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ የመነሻው ሰዓት ከግብዓት ፋይሉ ስም በፊት ከተጻፈ ፕሮግራሙ ራሱ ቀድሞ ወደሚገኘው ቁልፍ ፍሬም ይሄዳል። በካምኮርደር ቅጂዎች በቁልፍ ፍሬሞች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ስለማይበልጥ፣ ከሚፈልጉት ቅጽበት ጥቂት ቀደም ብሎ መጀመር ምንም አይጎዳም። መድረሻው እንደ መነሻው አያስቸግርም። በትክክለኛው ፍሬም ላይ መቁረጥ የግድ ከሆነብዎ ጫፎቹን ብቻ እንደገና የሚጨምቁና መካከሉን እንዳለ የሚቀዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ ግን ለቤተሰብ ቅጂ ያን ያህል መድከም አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ቅጂዎ ከሚኒ ዲቪ ካሴት የመጣ ከሆነ ይህ ጭንቀት የለብዎትም። የካሴቱ ፎርማት ዲቪ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚጨምቅ ያሻዎት ቦታ ላይ መቁረጥ ይችላሉ። ፋይሉ በሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት መሆኑ ትልቅ ሊያስመስለው ይችላል፤ ሲቆርጡም ያው መጠን በተመጣጣኝ ይከፈላል እንጂ አይጨምርም። ኤክስፖርት ሲያደርጉ «ያልተጨመቀ አቪ» የሚለውን ከመረጡ ግን ሰዓቱ ከ70 ጊጋባይት በላይ ይሄዳል። ካሴቱና ካሜራው አሁንም በእጅዎ ካሉ ደግሞ ዊንዲቪን የመሰለ የካሴት መቅጃ ፕሮግራም በዲቪ ውስጥ የተመዘገበውን የቀረጻ ቀንና ሰዓት እያነበበ፣ ካሜራው በቆመበት ሁሉ አዲስ ፋይል እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል፤ በእጅ መቁረጥ አያስፈልግዎትም ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነገር በሜሞሪ ካርድ ካሜራዎችም አለ። ኤቪሲኤችዲ የመቅረጫው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የተለየ ኤምቲኤስ የተባለ የቪዲዮ ፋይል ይፈጥራል፤ ረጅም የሆነው ቪዲዮዎ በኋላ በአንድ ላይ የተገጣጠመ ከሆነ፣ ካርዱ ወይም የካርዱ ሙሉ ቅጂ ካለ ክሊፖቹን ተለያይተው ያገኟቸዋል። በተቃራኒው አንድ ረጅም ቀረጻ በካርዱ የፋይል ሥርዓት ገደብ የተነሳ በየ2 ወይም በየ4 ጊጋባይቱ ሊከፈል ይችላል፤ ያኔ ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ሳይጨመቁ ካጋጠሙ በኋላ ይቁረጡ፤ አለዚያ በመገናኛው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ሊቋረጥ ይችላል።

የውጤቱን ፎርማት ስለመምረጥ አንድ ነገር ልጨምር። ኤምቲኤስ፣ ኤምፒ4 እና ኤምኬቪ የዳታው መያዣዎች ናቸው እንጂ ኮዴክ ስላልሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ብቻውን ፋይሉን አያሳብጥም፤ ኤምቲኤስ ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥቅል መለያ ስለሚጨምር ወደ ኤምኬቪ ሲዛወር እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ሆኖም ብዙዎቹ ካሜራዎች ድምፁን ዶልቢ ዲጂታል በተባለ የድምፅ ኮዴክ ስለሚመዘግቡ፣ ወደ ኤምፒ4 ከቀየሩት አንዳንድ ማጫወቻዎች ላይ ምስሉ ያለ ድምፅ ሊታይ ይችላል። ለዚህ እኔ ኤምኬቪን እመርጣለሁ።

ሲጨርሱ የክሊፖቹን መጠን ደምረው ከዋናው ጋር ያወዳድሩ፤ ሙሉውን ቪዲዮ ከፋፍለው ከሆነ ድምሩ ከዋናው ጋር መቀራረብ አለበት፤ ጎልቶ ከበለጠ አንዱ ክሊፕ እንደገና ተጨምቋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ክሊፕ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ከፍተው ሳያዩ ዋናውን ፋይል እንዳያጠፉ። የካሜራዎን ሞዴልና የፋይሉን ዓይነት ቢጽፉልን በሚመቸው ፕሮግራም እያንዳንዱን እርምጃ በዝርዝር ላስረዳዎ እችላለሁ።