ጠዋት የሚስበው ጭስ ማውጫ ከሰዓት ለምን ይመልሳል?

«የምኖረው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት ጀርባ ነው፤ ሐይቁ በዋናው ቤት ፊት ለፊት ነው። 4 ሜትር የላሜራ ጭስ ማውጫ አሠርተናል። ጠዋት እንጀራ ስጋግር ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከሰዓት ግን ተመልሶ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ሠራተኛው ‹ቱቦው ጠቧል፣ በሰፊ ይቀየር› አለኝ። ላስቀይረው?»

እህቴ፣ አያስቀይሩ። ቱቦው ጠቦ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም ያስቸግርዎ ነበር። የሚያስቸግርዎ ነፋሱ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ቶሎ ይሞቃል፤ የጣና ውሃ ግን ቀስ ይላል። መሬቱ ላይ ያለው አየር ሲሞቅ ይቀልና ወደ ላይ ይነሳል፣ እዚያ ያለው ግፊትም ይቀንሳል። ያኔ ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ግፊቱ ወደቀነሰበት ይሄዳል። ባሕር ዳር ከጣና በስተደቡብ ስለሆነች ይህ ነፋስ ከሰሜን ይመጣል፣ ከሰዓት ላይም ይበረታል። ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ግን ደካማ ነው። ጠዋት አየሩ ረጋ የሚለው ለዚህ ነው። 

ጭስዎም የሚወጣው ሞቃት አየር ስለሚቀል ነው። ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ጭስ በአማካይ 100 ዲግሪ ቢሆን፣ 4 ሜትር ቱቦ የሚስበው በ8 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ደግሞ ፊት ለፊት ሲመታ 12 ፓስካል ያህል ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ማን እንደሚያሸንፍ ያስቡት።

ዋናው ቤትም ያባብሰዋል። ነፋሱ ጣሪያውን ተሻግሮ፣ ወንዝ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ እንደሚዞረው፣ ጓሮው ላይ ይሽከረከራል። የቱቦዎ አፍ ከዋናው ቤት ኮልሞ (የጣሪያው ከፍተኛ ጫፍ) በታች ከሆነ አዙሪቱ ውስጥ ነው ያለው፤ ነፋሱ ከላይ ይደፍቀዋል። ቱቦውን ቢያሰፉት ደግሞ ጭሱ ቶሎ ይቀዘቅዝና መሳቡ ይብሱን ይደክማል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ ጧፍ አብርተው መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ላይ ይያዙ። ነበልባሉ ወደ ውጭ ካዘነበለ ነፋሱ በዚያ በኩል የክፍሉን አየር እየመጠጠ ነው፤ ሲጋግሩ ይዝጉት። ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበትን ክፍት ይተዉት። ሁሉንም መዝጋት ግን የለም! አየር ካልገባ ቱቦውም አይስብም፣ ከእሳቱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝም ቤት ውስጥ ይጠራቀማል።

በዚህ ካልተስተካከለ ቱቦውን ያስረዝሙት። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ጣሪያ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ነፋስ እንዳያወዛውዘው በሦስት በኩል በሽቦ ይወጠር። መሐል ላይ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ካለ በ45 ይቀየር። ሰሜኑን ብቻ የሚከልል ቆብ ቢያመጡልዎ አይቀበሉ፤ ክረምት ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ በጀርባ ይገባበታል። ዙሪያውን ክፍት የሆነ ቆብ ይሥሩልዎ።