ጥያቄና መልስ፦ የዘውድ ዘመን ኒሻኖችና ሜዳዮች

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ጠቁሯል። ወርቅ ቤት ወስጄ ባስጠርገው ምን ይለኛል?

መልስ፦ እባክዎ አይውሰዱት። ይህ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ያቋቋሙት ኒሻን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ የሚመስለው ኮከብ ወርቅ የተለበጠ ብር ነው፤ ልባጡም እጅግ ስስ ነው። በማሽን ሲታሽ መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍ ከፍ ባለው ቅርጽ ላይ ያለው ወርቅ ሲሆን፣ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ኢናሜል (ብረቱ ላይ ቀልጦ የተጋገረ ባለቀለም መስታወት) ካለበት ደግሞ ይብሳል፤ የማጽጃው አሲድ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላና ኢናሜሉ ቆይቶ ይፈነቀላል።

ጥቁሩ በአየር ውስጥ ያለ የድኝ ውሁድ ብሩ ላይ የሚፈጥረው ሽፋን ነው፤ ኒሻኑን አያጠፋውም። የሚያሳስበው አረንጓዴ ዱቄት ነው። ከብሩ ጋር የተቀላቀለው መዳብ እየተበላ ነው ማለት ነውና፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ነው። ኒሻኑን ከዚያ ያውጡና አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረው ጨምረው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ላስቲክና የሱፍ ጨርቅ አያስጠጉት፤ ሁለቱም ድኝ አላቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ «ንጹሕ ብር ነው» ያለኝን ሜዳይ ሊሸጥልኝ ነው። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፊደሉን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ያንብቡ። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ከውጭ ሰብሳቢ ይበልጣል፤ ግዕዝ የማያነብ አስመሳይ የፊደሉን እግር ወይም ቅጥያ ያጎድላል። በማተሚያ የተመታ ሜዳይ ፊደሉ ጥርት ያለ፣ በፊደሉ ዙሪያ ያለው ገጽ ለስላሳ ነው። ቀልጦ በሻጋታ የፈሰሰው ግን የተድበሰበሰና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ጠርዙ ላይ ስፌት የመሰለ መስመር ሊኖረው ይችላል።

ኢናሜል የሌለው ከሆነ ይመዝኑት። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ሪባኑን ያውጡ፤ ተሰፍቶ ከሆነ ግን አይቅደዱት፣ ምርመራውን ይተዉት። ሜዳዩን በደረቁ ይመዝኑ፤ ለምሳሌ 24.60 ግራም ቢሆን። ከዚያ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ሜዳዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታቹንም ጎኑንም ሳያስነኩ ያጥልቁት። ሚዛኑ 2.37 ቢያነብ 24.60ን ለ2.37 ያካፍሉ፤ 10.38 ይመጣል፤ ይህም ሜዳዩ በይዘት ከሚተካከለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ያሳያል። 92.5 በመቶ ብር የሆነ ሜዳይ እዚያው አካባቢ ነው የሚያርፈው፤ ብር የተለበጠ ናስ 8.5 ገደማ ነው። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳልና አረፋውን አራግፈው ደግመው ይሞክሩ።

በጀርባው የአዲስ አበባው አርመናዊ አንጥረኛ ቤት የሰቫጂያን ወይም የለንደኑ የማፒን ኤንድ ዌብ ስም ቢኖር ጥሩ ነው፤ ስም አለመኖሩ ብቻውን ግን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ሪባኑን በጨለማ በአልትራቫዮሌት መብራት ይዩት፤ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ጨርቁ ወይም ክሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ አይደለም። ሜዳዩ ከወረራው በፊት የተሰጠ ነው ከተባለ፣ ያ ሪባኑ እንደተቀየረ ብቻ ነው የሚናገረው። ባለ አምስት ደረጃ ኒሻን ከሆነ ግን ሪባኑ ላይ የተሰፋውን ክብ አበባ በተለይ ይመርምሩ፤ የ4ኛ ደረጃ ምልክት ስለሆነ፣ ሻጮች የ5ኛውን ከፍ ለማድረግ በአዲስ ክር ይሰፉታል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። የአባቴን ኒሻን ከአዲስ አበባ ይዤ መምጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይችሉም። ቅርስ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተገደበ ነው፤ ሻንጣ ከማዘጋጀትዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቁ። ፈቃዱ ከተከለከለ ኒሻኑን ታማኝ ዘመድ ዘንድ ይተዉት። የሽልማት ወረቀቱንና አባትዎ ኒሻኑን አድርገው የተነሡትን ፎቶ ግን በሁለቱም በኩል በጥራት ስካን አድርገው ይያዙ። አብዛኛው ኒሻን ላይ የተሸላሚው ስም ስለማይቀረጽ፣ የአባትዎ መሆኑን የሚያስረዳው ያ ወረቀት ነው። ወረቀቱንና ኒሻኑን በአንድ ፖስታ አያስቀምጧቸው፤ ብረቱ ወረቀቱን ያቆሽሻል፣ ወረቀቱም ብረቱን ያጠቁራል።