የካምፐራችን ውሃ የት ገባ?

ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ወደ ውሃ ያዘነብላል። በሰሜን ቨርጂኒያ እየዞርኩ ካምፐር፣ ማለትም ለሽርሽር የሚታደርበትን ተንቀሳቃሽ ቤት፣ የምጠግን ሰው ነኝ። ቤተሰብን ከሽርሽሩ አቋርጦ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የውሃ ማለቅ እንደሆነ አያለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚከላከሉት ነገር ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ቦታ በሙሉ ለንጹህ ውሃ ታንክ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት ካምፐር) ገዛን። የንጹህ ውሃ ታንኩ 40 ጋሎን ይይዛል። ለሌበር ደይ በዓል ታንኩን ቤታችን ሞልተን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ወጣን። እናቴን ጨምሮ ስምንት ነበርን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። የውሃውን መጠን የሚያሳየው የግድግዳው መብራት ግን አሁንም ሁለት ሦስተኛ አለ ይላል። ሴንሰሩን ልቀይረው? ወይስ ታንኩ ያፈሳል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። መጀመሪያ መብራቱ ወሬውን ከየት እንደሚያመጣ ልንገርህ።

በአብዛኞቹ ትሬለሮች የታንኩ ጎን ላይ ከታች ወደ ላይ የተሰኩ ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ከሥር፣ አንዱ ሲሶው ላይ፣ አንዱ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ አንዱ ጫፉ ላይ። ቁልፉን ስትጫን ትንሽ ኤሌክትሪክ ከታችኛው ብሎን ተነስቶ በውሃው ውስጥ ያልፋል። ውሃው የነካቸው ብሎኖች መብራታቸው ይበራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ መብራቱ ደህና ሆኖ እንኳን የሚነግርህ በጣም በግምት ነው። ባንተ ታንክ «ሁለት ሦስተኛ» ማለት 27 ጋሎንም ሊሆን ይችላል፣ 39ም ሊሆን ይችላል። ለስምንት ሰው ይህ ልዩነት የአንድ ቀን ውሃ ነው።

አሁን ወዳንተ ችግር። ታንኩ ባዶ ሆኖ መብራቱ ከበራ፣ ከብሎን ወደ ብሎን ኤሌክትሪክ የሚያሻግር ነገር አለ ማለት ነው። ባገለገለ ታንክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውሃው ትቶት የሄደው ነጭ የማዕድን ቅርፊት ነው። ታንኩን ባዶ አድርግና ብሎኑ ላይ የታሰረውን ሽቦ ንቀለው። መብራቱ ከጠፋ ቆሻሻው ታንኩ ውስጥ ነው። ሽቦው ተነቅሎም መብራቱ ከቀጠለ ችግሩ ሽቦው ወይም ፓኔሉ (መብራቱ ያለበት ሰሌዳ) ላይ ነው። ለቅርፊቱ ነጭ ኮምጣጤ ከውሃ ጋር ቀላቅለህ ጨምር፤ ትንሽ መንገድ እየነዳህ አንገጫግጨው፤ አሳድረውና ደፍተህ ደጋግመህ እጠብ። አንድ ነገር አደራ፦ ኮምጣጤና በረኪና በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ። መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሴንሰሩ ቢስተካከልም በእሱ ብቻ አትተማመን። ውሃህን በልክ እወቀው። አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ በእጃችን እያንኳኳን ውሃው የት እንደደረሰ እንደምናውቀው፣ ይህንንም ራስህ ማወቅ አለብህ። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ያዝ። ታንኩን ከምትሞላበት ቧንቧ ባልዲው እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልክህ ለካ። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ፣ 40 ጋሎኑ 16 ደቂቃ ይፈልጋል። ቧንቧው በተቀየረ ቁጥር ግፊቱም ይለያያል፤ ካምፕ ስትደርስ እንደገና ለካ። ታንኩ አልጋ ወይም መቀመጫ ሥር ሆኖ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተመቸህ። ትሬለሩን ደልዳላ ቦታ አቁመው፤ አምስት አምስት ጋሎን እየጨመርክ በየመሃሉ ታንኩ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። ነጩ ፕላስቲክ ባትሪ ሲበራበት ውሃውን ያሳያል። ከዚያ ወዲያ መብራት አያስፈልግህም። ደልዳላ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ትሬለሩ ካጋደለ ምልክቱም ሴንሰሩም ይዋሻል።

ቁጥር በስክሪን ካላየሁ አላምንም የምትል ከሆነ፣ ከታንኩ ውጭ የሚለጠፍና መጠኑን በመቶኛ የሚያሳይ ሴንሰር አለ። ውሃውን ስለማይነካ ቅርፊት አያስቸግረውም። የሚሠራው ግን በፕላስቲክ ታንክ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ መንገዱ ነው። ታንክ ሲሞላ አየሩና ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ አለው፤ ጫፉ ትሬለሩ ሥር ይወርዳል። ታንኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ተራራ ስትወጣና ስትታጠፍ ውሃው ይዋልላል፣ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ራሱ እየሳበ መፍሰሱን ይቀጥላል። ቤት ሞልተህ ተነሳህ፣ የደረስከው ግን ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ቤትህ ሞልተህ አጭር መንገድ ንዳ፣ መለስ ብለህ ምልክቱን እይ። ጎድሎ ካገኘኸው አንዳንዶች ቱቦው ላይ መዝጊያ ቫልቭ ይገጥማሉ። መፍትሔ ነው፤ ግን ስትሞላ የግድ መከፈት አለበት። አየር መውጫ ያጣ ታንክ ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም። እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። ቢግ ሜዶውስ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ መሙያ አለ። በየቦታው የሚገጠም የውሃና የመብራት መስመር ግን የለም። ለመንገዱ የሚበቃ ጥቂት ይዘህ ውጣ፣ እዚያ ስትደርስ ሙላ። መሃል ላይ ሲያንስ ትሬለሩን ከቦታው ሳትነቅል በጀሪካን ትጨምራለህ። ጀሪካኑ አዲስና ለምግብ የተፈቀደ ይሁን፤ ዘይት የነበረበት አይሆንም።

ሦስተኛው አጠቃቀማችሁ ነው። የሻወር ራስ በደቂቃ ወደ 2 ጋሎን ያወርዳል። አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ከታጠበ 10 ጋሎን ሄደ። አራት ሰው ታንኩን ጨረሰ ማለት ነው! ውሃ ነክቶ መዝጋት፣ ሳሙና መቀባት፣ ከፍቶ መለቅለቅ ነው። ከሻወሩ ቀጥሎ የእኛ ቤት ውሃ የሚሄደው በእጅ መታጠብ ነው። ስምንት ሰው ከእንጀራ በፊትም ከእንጀራ በኋላም ቧንቧ ከፍቶ ሲታጠብ ብዙ ይፈሳል። እናትህ አብረውህ ካሉ ማስታጠቢያውን ያስወጡልህ። ከውጭ፣ ዛፍ ሥር ሳይሆን ሳፋ ላይ ታጠቡ፤ የሞላው ሳፋ የቆሻሻ ውሃ መድፊያ ቦታ ይደፋል። ቡናው አያሳስብህ፤ ጀበናው የሚፈልገው ጥቂት ነው። ሲኒዎቹን ግን በሚፈስ ቧንቧ ሳይሆን በሳህን ውሃ እጠቡ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። ትሬለራችን ጎኑ ላይ ሁለት የውሃ መግቢያ አለው። አንዱ የውሃ ጎማ የሚታሰርበት ክር ያለው ነው፣ ሌላው ክዳን ያለው ሰፊ ቀዳዳ። ክር ያለው ላይ ገጥመን ሁለት ሌሊት አደርን። ታንኩን ጨርሶ አልሞላንም። ታዲያ ለምንድን ነው ከሥር ውሃ የሚንጠባጠበው?» (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ ግማሽ አለ። ክር ያለው መግቢያ ታንኩን አልፎ በቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ ይሄዳል። የካምፑ ግፊት ይገፋዋል፣ ፓምፕ አያስፈልግም። ሰፊው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ታንኩ ይወርዳል፤ ያንን የምትጠቀሚው በፓምፕ ነው። እናንተ ታንኩን አልሞላንም ብላችኋል፤ እኔ ግን ሞልቷል ብዬ እገምታለሁ። ፓምፑ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ አለ። እሱ ሲያረጅ ወይም አሸዋ ሲገባበት የካምፑ ውሃ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ታንኩ ይገባል። ሌሊቱን ይሞላና በትርፍ ቱቦው ይፈሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ታንኩን ባዶ አድርጊ፣ ፓምፑን አጥፊ፣ ጎማውን ገጥመሽ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆዪና የታንኩን ማፍሰሻ ክፈቺ። ውሃ ከወጣ ያው ነው። በአንዳንድ ፓምፖች የላይኛው ራስ ብቻ ይቀየራል፤ ሙሉ ፓምፕ ግዢ ከማለትሽ በፊት ጠይቂ። አንዳንድ ትሬለር ግን በአንድ መግቢያ ሁለቱንም የሚሠራ መዘውር አለው። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ መዘውሩ «ታንክ ሙላ» ላይ ተረስቶ እንደሆነ መጀመሪያ እዪ።

ከዚሁ ጋር፦ የግፊት መቀነሻ ከካምፑ ቧንቧ ላይ ግጠሚ፣ ጎማው ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ። የአንዳንድ ካምፕ ግፊት ከ100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ይወጣል። ለካምፐር ቧንቧ ከ40 እስከ 60 ይበቃል። ጎማው ለመጠጥ ውሃ የተሠራው ነጩ ወይም ሰማያዊው ይሁን፤ የአትክልት ማጠጫው ጎማ ለልጆችሽ የሚጠጣ ውሃ አይሆንም። የሽንት ቤት ታንክ የሚደፋበት ቦታ ላይ ያለውን ቧንቧ ደግሞ በፍጹም ወደ ንጹህ ታንክ አታስጠጊው። እሱ ለማጠቢያ ነው፤ ሰው የቆሸሸ የፍሳሽ ጎማውን የሚያጥበው በእሱ ነው። ስትተኙና ስትነዱም ፓምፑን አጥፊ። የሆነ መጋጠሚያ ቢላቀቅ ፓምፑ ታንኩን በሙሉ ወለሉ ላይ ይደፋዋል።

ጥያቄ፦ «ጡረተኛ ነኝ። ባለ 30 ጋሎን ታንክ ካምፐሬ ብርዱን ሙሉ ግቢ ቆሞ ነበር። አሁን ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በረኪና ብጨምር ምን ያህል? ሰው ሁሉ የተለያየ ነው የሚለኝ።» (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ አባቴ፣ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ብቻ ከፍተው ያሽትቱ፣ ቀጥለው ሙቁን። የሚሸተው ሙቁ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከታንኩ ሳይሆን ከውሃ ማሞቂያው ነው። በአንዳንድ ማሞቂያዎች ውስጥ ታንኩን ከዝገት የሚከላከል የማግኒዚየም ዘንግ አለ፤ ውሃ ቆሞ ሲከርም እሱና ባክቴሪያ ተጋግዘው ያንን ሽታ ያመጣሉ። ማሞቂያውን ያጥፉ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ይልቀቁ፣ ከዚያ ብቻ የማሞቂያውን ማፍሰሻ ክዳን ፈትተው ያጥቡት። ሳይሞላ መልሰው እንዳያበሩት አደራ፤ የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ይቃጠላል።

በረኪናው ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ ነው። ለእርስዎ ግማሽ ኩባያ ይሆናል። ሽታ ያልተጨመረበት፣ ተራው የቤት በረኪና ይሁን። እንዳይረጭ ተብሎ የወፈረው ዓይነት ለዚህ አይሆንም። የውሃ ማጣሪያውን ያውጡ። በረኪናውን በባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጠው በሰፊው ቀዳዳ ያፍስሱ፣ ታንኩን ይሙሉ፣ ፓምፑን አብርተው እያንዳንዱን ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ይክፈቱ። ሻወሩንም ሽንት ቤቱንም አይርሱ። ሽታው ሙቁ ላይ ከነበረ ማሞቂያውም በዚሁ ውሃ ይሙላ። ያሳድሩት። ጠዋት ሁሉንም ደፍተው፣ ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት።

ለሚመጣው ብርድ ደግሞ፦ ውሃ ያለበት ታንክና ቧንቧ ኮሎራዶ ውስጥ አይተርፍም። ታንኩንና ማሞቂያውን አፍስሰው፣ ዝቅተኛ ማፍሰሻዎቹን ከፍተው፣ ቧንቧዎቹ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለውን የካምፐር አንቲፍሪዝ ይሙሉ። የመኪናው አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ እጥፍ ቢረክስም አይግዙት።

ጥያቄ፦ «ታንኩ ሙሉ ሆኖ መንዳት ይቻላል?» (ከሲያትል)

መልስ፦ ይቻላል፣ ትሬለሩ የሚሸከመው ከሆነ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ወደ 330 ፓውንድ፣ 150 ኪሎ ነው። ትሬለሩ ላይ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል የሚናገር መለያ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሙሉ ውሃው ከዚያ ስንት እንደሚወስድ እዚያው ተጽፏል። ከዚያ ላይ የምግቡን፣ የብስክሌቱንና የወንበሩን ክብደት ቀንስ። በተጨማሪ ታንኩ የት እንደተቀመጠ እይ። ከፊት ሲሆን የመኪናው መጎተቻ ላይ ይከብዳል፤ ከኋላ ሲሆን መጎተቻውን ያቀልለዋል፣ ትሬለሩም መንገድ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ ገብተህ አንዴ በሙሉ ታንክ፣ አንዴ በባዶ አስመዝነው፤ ጎትተህ የምትሄደውን በቁጥር ታውቃለህ።